የመዋጥ ችግር ከከባድ ኦፕራሲዮን በኋላ
ለበሽተኞችና ለአስታማሚዎች የሚሆን የወሩ ትምህርት

በዚህ ወር የምናቀርበው ትምህርት በየቤቱ ሳይታሰብ ስለሚታለፍ አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም መዋጥ ነው። ጤነኛ ሰው እህል ሲበላ ወይም ውሃ ሲጠጣ እንዴት እንደሚውጥ አያስብም። ከባድ ኦፕራሲዮን ተደርጎለት ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው ግን፣ ቁስሉ ሽሮለት፣ ስፌቱ ተፈትቶለት፣ መልኩም ተመልሶለት ሳለ፣ አንድ ትልቅ ጉርሻ ወይም በጥድፊያ የጠጣው አንድ ኩባያ ውሃ ከሞት አፋፍ ሊያደርሰው ይችላል። ጉዳቱን የሚያመጡትም ብዙ ጊዜ ከማንም ይልቅ የሚወዱት ቤተ ዘመዶቹ ናቸው፤ ይህንም የሚያደርጉት ባለማወቅ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን ማስረዳት ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

ይህን ችግር ሐኪሞች አጉልተው ካዩባቸው ሕክምናዎች አንዱ ሳንባን የመተካት ኦፕራሲዮን ነው። ሕክምናው ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐ ቤቴ ደጋ እጅግ የራቀ ቢመስልም፣ ከእርሱ የተገኘው ትምህርት በአቅራቢያችን በሚደረጉት ኦፕራሲዮኖች ላይም ይሠራል። ስለዚህ አስቀድመን የሰውነትን አሠራር፣ ቀጥለን የሩቁን ሕክምና፣ በመጨረሻም በገዛ ቤታችን ልናደርገው የሚገባንን እንገልጣለን።

አንድ በር፣ ሁለት መንገድ

ከአፋችን በስተኋላ፣ ከምላሳችን ሥር፣ ሁለት መንገዶች ይለያያሉ። አንደኛው በፊት በኩል ያለው የአየር ቧንቧ ነው፤ በማንቁርት አልፎ ወደ ሳንባ ይወርዳል። ሁለተኛው ከእርሱ በስተኋላ የሚገኘው የምግብ ቧንቧ ነው፤ በአዋቂ ሰው ርዝመቱ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በልብ ጀርባ አልፎ ወደ ጨጓራ ይደርሳል። ሁለቱም የሚጀምሩት ከአንድ ጉሮሮ ስለሆነ፣ እህልና ውሃን ወደ አንዱ፣ ነፋስን ወደ ሌላው ለይቶ የሚሰድ በረኛ ያስፈልጋል።

ይህ በረኛ ማንቁርት ነው። በምንውጥበት ጊዜ ትንፋሻችን ለቅጽበት ይቆማል፤ ማንቁርት ወደ ላይና ወደ ፊት ይነሣል፤ ክዳኑ ይደፋል፤ የድምፅ አውታሮችም ገጥመው የአየሩን መንገድ ይዘጋሉ። በዚያው ቅጽበት የምግብ ቧንቧው አፍ ይከፈታል። ይህን ሥራ ብዙ ጡንቻዎች ተባብረው የሚፈጽሙት ሲሆን፣ በጉሮሮ ውስጥ የሚወስደው ጊዜ አንድ ሰኮንድ ያህል ብቻ ነው። ጣቱን በማንቁርቱ ላይ አድርጎ ምራቁን የሚውጥ ሰው፣ ማንቁርቱ ሲነሣና ሲወርድ ይሰማዋል።

በረኛው ጥቂት ከዘገየ ወይም በሩን አጥብቆ ካልዘጋ፣ ምግቡ ወይም ውሃው ወደ አየር ቧንቧ ያመልጣል። ያን ጊዜ ጤነኛ ሰው ትን ይለዋል፤ አጥብቆ ያስለዋል፤ ሳሉም የገባውን ባዕድ ነገር መልሶ ያስወጣዋል። እንግዲህ ትንታ ምንም ቢያስጨንቅ የሰውነት መከላከያ ነው። አደጋው የሚከብደው በረኛው ደክሞ ሳሉም የጠፋ እንደ ሆነ ነው። ያን ጊዜ ምግቡና ምራቁ በአፍ ውስጥ ያሉትን ረቂቅ ተሐዋስያን ይዞ ወደ ሳንባ ይወርዳል፤ ከዚያም የሳንባ ምች ይነሣል።

ሳንባን ስለ መተካት

የአንድ ሰው ሳንባ በበሽታ ፈጽሞ ሲበላሽና መድኃኒት ሲያቅተው፣ ከሞተ ሰው የተገኘ ጤናማ ሳንባ በኦፕራሲዮን ይተካለታል። ለዚህ ሕክምና ከሚያደርሱት በሽታዎች መካከል የአየር ቧንቧዎችን የሚያጠብና ሳንባን የሚያደክም ሥር የሰደደ በሽታ ይገኛል። ትንባሆ ለዚህ በሽታ ዋነኛ ምክንያት ነው፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ የሚነድ የእንጨትና የኩበት ጭስም እንደዚሁ ያመጣዋል። በብርድ ምክንያት በር ዘግቶ እሳት ዳር መዋል በተለመደበት በደጋው አገራችን ይህ ነገር ሊታሰብበት ይገባል።

በሰው ላይ የመጀመሪያው የሳንባ መተካት ኦፕራሲዮን የተደረገው በአሜሪካ፣ በሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ፣ በዶክተር ጄምስ ሃርዲ እጅ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1963 ነው፤ በሽተኛውም የኖረው 18 ቀን ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ በ1983 በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ ዶክተር ጆኤል ኩፐርና ባልደረቦቹ የሠሩለት በሽተኛ ለዓመታት ኖረ፤ ሕክምናውም ከዚያ ወዲህ በየአገሩ ተስፋፋ። በአገራችን ኩላሊትን መተካት የተጀመረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው። የሳንባው ሕክምና የሚሠራው ግን በውጭ አገር በሚገኙ ታላላቅ ሆስፒታሎች ነው።

ሳንባ የተተካለት ሰው መዋጥ የሚቸግረው ለምንድን ነው? ዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች አራት ናቸው።

1ኛ/ በኦፕራሲዮኑ ጊዜና ከዚያም በኋላ የመተንፈሻ ቱቦ በአፍ ገብቶ በድምፅ አውታሮች መካከል ያልፋል። ቱቦው ከሁለት ቀን በላይ የቆየ እንደ ሆነ ጉሮሮው ያብጣል፤ ስሜቱ ይደነዝዛል፤ ጡንቻዎቹም ሥራ ፈትተው ይደክማሉ።

2ኛ/ የድምፅ አውታሮችን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። በግራ በኩል ያለው ይህ ነርቭ ከአንገት ወደ ደረት ወርዶ፣ ከልብ በሚወጣው ታላቁ የደም ሥር ሥር ዞሮ፣ እንደገና ወደ ማንቁርት ይወጣል። መንገዱ ረዥም ስለሆነ በደረት ውስጥ በሚደረግ ኦፕራሲዮን ጊዜ ሊለጠጥ ወይም ሊቆረጥ ይችላል። ያን ጊዜ አንዱ የድምፅ አውታር ይሰንፋል፤ ድምፅ ይጎረንናል፤ የአየሩ በርም በሚገባ አይዘጋም።

3ኛ/ ቬገስ የሚባለው ትልቁ ነርቭ ከተነካ ጨጓራ ምግቡን ቶሎ ወደ አንጀት አይሰድድም። ምግቡና ኮምጣጣው የጨጓራ ፈሳሽ፣ በተለይ ሌሊት በሽተኛው ሲጋደም፣ ወደ ጉሮሮ ተመልሶ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል።

4ኛ/ አዲሱ ሳንባ ሲገጠም በውስጡ የነበሩት ነርቮች ተቆርጠዋል። ከስፌቱ በታች የገባ ምግብ ወይም ውሃ እንደ ቀድሞው ሳልን አያስነሣም። በሽተኛው ሳያስለውና ምንም ሳይሰማው ወደ ሳንባው ይገባል። ሐኪሞች ዝምተኛ ትንታ ብለው የሚፈሩት ይህን ነው፤ አዲሱ ሳንባ ቀስ በቀስ እንዲበላሽ ከሚያደርጉት ምክንያቶች አንዱ ነውና።

በኦፕራሲዮን ጊዜ ልብን ስለሚያሳየው መሣሪያ

ከእነዚህ ምክንያቶች ጋር አብሮ የሚጠቀስ ሌላ ነገር አለ። ሐኪሞች በደረት ውስጥ ሲሠሩ የልብን ሁኔታ በየደቂቃው ማወቅ ያስፈልጋቸዋል። ቀደም ብለን እንዳልነው የምግብ ቧንቧ የሚያልፈው በልብ ጀርባ ነው። ስለዚህ ውፍረቱ ጣት የሚያህል፣ ጫፉ ላይ አልትራሳውንድ ያለበት ተጣጣፊ መሣሪያ በማደንዘዣ በተኛው በሽተኛ አፍ ገብቶ እስከ ልብ ትክክል ይወርዳል። ከጫፉ የሚወጣው ድምፅ የሰው ጆሮ የማይሰማው ነው፤ ከልብ ላይ ነጥሮ ሲመለስ የልብን ሥዕል በመስኮት ላይ ያሳያል። በየሆስፒታሉ ኢኮ የሚባለው ምርመራ ዓይነት ሲሆን፣ ልዩነቱ ከደረት ላይ በማየት ፈንታ ከውስጥ ማየቱ ነው። አሜሪካውያን ሐኪሞች በጉሮሮ በኩል ልብን ስለ መመርመር ያቀረቡት ሪፖርት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1976 ታትሟል፤ መሣሪያውም ከዚያ በኋላ እየተሻሻለ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ገባ።

ጥቅሙ ከፍ ያለ ነው። ሳንባ በሚተካበት ጊዜ ወደ አንዱ ሳንባ የሚሄደው ደም ሲዘጋ፣ የልብ ቀኝ ክፍል ሸክሙን መቻሉን ያሳያል። አዲሱ ሳንባ ከተገጠመ በኋላ የተሰፉት የደም ሥሮች ጠብበው ወይም ደም ረግቶባቸው እንደ ሆነ፣ የአየር አረፋም ወደ ልብ ገብቶ እንደ ሆነ ይገልጣል። እንደዚሁም የልብ በር ሲጠገን ጥገናው መያዙን ደረቱ ሳይዘጋ ያስረዳል።

ነገር ግን መሣሪያው ለሰዓታት በጉሮሮ ውስጥ ሲቆይ ጉሮሮን ይጫናል፤ አንዳንድ ጊዜም ይፍቃል። ስለዚህ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የጉሮሮ ሕመምና የመዋጥ ችግር ሊያስከትል ይችላል። የምግብ ቧንቧን እስከ መብሳት የሚደርስ ከባድ ጉዳት ግን የሚያጋጥማቸው በጣም ጥቂቶች ናቸው። ማንም ሰው ይህን ሰምቶ መሣሪያውን ፈርቶ ሕክምናውን መተው አይገባውም። የሚገባው ከኦፕራሲዮኑ በፊት ለሐኪሙ እውነቱን መናገር ነው፤ ይኸውም፦

— ቀድሞም ቢሆን እህል በደረቱ ላይ የሚቆምበት ወይም መዋጥ የሚያስቸግረው እንደ ሆነ፤
— ደም አስመልሶት የሚያውቅ እንደ ሆነ፤
— ከቢልሃርዝያ ወይም ከሌላ ሕመም የተነሣ የጉበት ወይም የጣፊያ በሽታ ያለበት እንደ ሆነ፤ ይህ በምግብ ቧንቧ ውስጥ የደም ሥሮችን ያሳብጣልና፤
— በጉሮሮው ወይም በአንገቱ ላይ ቀድሞ ኦፕራሲዮን ተደርጎለት እንደ ሆነ፤
— የሚነቃነቅ ጥርስ ያለው እንደ ሆነ።

ይህ ለእኛ አገር ሰው ምን ይጠቅማል?

አንባቢ ሆይ፣ ሳንባ የተተካለት ሰው በቀበሌህ ላይኖር ይችላል። ያው የጉሮሮ በረኛ የደከመበት ሰው ግን አይታጣም።

በመጀመሪያ፣ የልብ ኦፕራሲዮን የተደረገላቸው ልጆችና ጎልማሶች አሉ። በሕፃንነት የሚይዝ በሚገባ ያልታከመ የጉሮሮ ቁስል፣ ሩማቲክ የሚባለውን የልብ በሽታ በማስከተል የልብን በሮች ያበላሻል። ለእንደነዚህ ያሉት ልጆች ሕክምና ለማስገኘት ዶክተር በላይ አበጋዝ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅትን መሠረቱ፤ በ2009ም በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ሕክምና ማዕከል ተከፈተ። ከልብ ኦፕራሲዮን ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው የመተንፈሻ ቱቦ በጉሮሮው አልፏል፤ የልብ ማያውም መሣሪያ አልፎ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ እንቅርት በደጋው አገር የታወቀ ሕመም ነው። ከፍ ብለን የጠቀስነው የድምፅ አውታሮች ነርቭ ወደ ማንቁርት ሲመለስ በእንቅርቱ ጀርባ ያልፋል። ስለዚህ እንቅርቱ በኦፕራሲዮን የወጣለት ሰው ድምፁ ጎርንኖ፣ ውሃ ሲጠጣ ትን የሚለው እንደ ሆነ፣ ምክንያቱ ሳንባ በተተካለት ሰው ላይ ከሚደርሰው ጋር አንድ ነው።

ሦስተኛ፣ ስትሮክ መትቶት ግማሽ አካሉ የሰነፈ ሰው፣ እጅና እግሩ እንደ ሰነፈ ሁሉ ጉሮሮውም ሊሰንፍ ይችላል። እንደዚሁም በማናቸውም ከባድ ሕመም ምክንያት በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ብዙ ቀን የቆየ ሰው ከእነዚህ ጋር ይቆጠራል።

መዋጥ የተቸገረ ሰው የሚታወቅባቸው ምልክቶች

አስታማሚ ምግብ ባቀረበ ቁጥር የሚከተሉትን ያስተውል።

1ኛ/ ሲበላ ወይም ሲጠጣ፣ ይልቁንም ውሃ ሲጠጣ ማሳል፤
2ኛ/ ከዋጠ በኋላ ድምፁ ውሃ እንደ ያዘ ማንኮራኮር፤
3ኛ/ ምግብ ወይም መጠጥ በአፍንጫ መመለስ፣ ወይም በጉንጭ ውስጥ መቅረት፤
4ኛ/ ሲበላ ዓይኑ ማንባት፣ ፊቱ መቅላት፣ ትንፋሹ መፍጠን፤
5ኛ/ አንዱን ምግብ ለመጨረስ ከቀድሞው እጅግ ረዥም ጊዜ መፍጀት፤
6ኛ/ ያለ ሌላ ምክንያት መክሳት፣ ትኩሳት መመላለስ፣ አክታ መብዛት።

ሳል ባይኖርም የቀሩት ምልክቶች ከታዩ ነገሩን ቀላል አድርጎ መገመት አይገባም። ከፍ ብለን እንደ ገለጥነው ዝምተኛው ትንታ ከሁሉ የከፋ ነው። እንዲህ ያለ ምልክት የታየበት በሽተኛ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ ከዚያም እንደ አካባቢው ወደ መሐል ሜዳ ሆስፒታል፣ ወደ ዓለም ከተማ እናት ሆስፒታል ወይም ወደ ደብረ ብርሃን ሊላክ ይችላል። ትኩሳት ያለበት፣ ትንፋሹ የሚያጥረው ወይም ከንፈሩ የጠቆረ ሰው ግን በዚያው ሰዓት በአምቡላንስ መሄድ አለበት።

በታላላቅ ሆስፒታሎች የመዋጥ ችግር በራጅ ይመረመራል፤ በሽተኛው በራጅ የሚታይ መድኃኒት ከምግብ ጋር ተቀላቅሎለት ሲውጥ፣ ምግቡ በየትኛው መንገድ እንደ ሄደ በግልጥ ይታያል። በአፍንጫ በኩል በሚገባ ቀጭን መነጽርም ጉሮሮን ማየት ይቻላል።

ስለ አመጋገብ ሥርዓት

ሐኪሙ በአፍ መመገብን የፈቀደለት በሽተኛ እንደሚከተለው ይመገብ።

ሀ/ ተጋድሞ ከቶ አይብላ፤ አይጠጣም። በወንበር ወይም በመደብ ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ። ጀርባው እንዳይወድቅ ባና ወይም ሌላ ወፍራም ልብስ ታጥፎ ይደገፍለት። በልቶ ከጨረሰ በኋላም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ ይቆይ። ሌሊትም ራስጌው ከፍ ይበል።

ለ/ ፈጽሞ ነቅቶ ሳለ ብቻ ይመገብ። እንቅልፍ የያዘውን፣ የሚያቃዠውን ወይም ራሱን የሳተውን ሰው በአፉ ውሃ ማንጠባጠብ ሳንባውን ማጥለቅለቅ ነው።

ሐ/ በሻይ ማንኪያ ጥቂት ጥቂት ይሰጠው። የፊተኛውን መዋጡ፣ አፉም ባዶ መሆኑ ሳይታወቅ ሌላ አይጨመርለት። እየበላ አይናገር፤ አያስቁትም፤ አያጣድፉትም።

መ/ በሚውጥበት ጊዜ አገጩን ጥቂት ወደ ደረቱ ዝቅ ማድረግ ብዙዎችን ይረዳል፤ ቀና ብሎ መጨለጥ ግን የአየሩን በር ይከፍታል። አገጭን ዝቅ ማድረግ ለሁሉ ስለማይስማማ የጤና ባለሙያው ያሳየውን ይከተል።

ሠ/ ውሃ ቀጭን ስለሆነና ስለሚፈጥን ለደከመ ጉሮሮ ከሁሉ የሚያስቸግር ነው። ባለሙያው ፈሳሽ እንዲወፍር ያዘዘ እንደ ሆነ፣ ከገብስ ወይም ከአጃ ዱቄት የተሠራ አጥሚት፣ ወፈር ያለ እርጎ፣ ወይም ተወቅጦና ተበጥብጦ ገለባው በንጹሕ ጨርቅ የተጠለለ ተልባ ሊያገለግል ይችላል። ምን ያህል መወፈር እንደሚገባው ባለሙያው ይወስን። ውሃ የሚጠማው ሰው ፈሳሽ ስላነሰው እንዳይጎዳም ሽንቱ መጥቆሩንና አፉ መድረቁን መመልከት ያስፈልጋል።

ረ/ ለስላሳ ሽሮ፣ በሚገባ የተቀቀለና የተፈጨ ድንች፣ ቀጠን ያለ ገንፎ ለመጀመሪያው ጊዜ ይስማማሉ። የገብስ ቆሎ፣ ደረቅ በሶ፣ ጭብጦ፣ ደረቅ ቂጣና ዳቦ፣ በቀጭን መረቅ ውስጥ የተቆራረጠ ሥጋ ግን ጉሮሮው እስኪጠና ድረስ ይቆዩ። የበሶ ዱቄት በትንፋሽ ይሳባል፤ ቆሎም ሳይታኘክ ያመልጣል።

ሰ/ ኪኒን የሚያንቀው ሰው መድኃኒቱን በገዛ ፈቃዱ አይተው፤ አይፍጨውም። ተፈጭተው ሊወሰዱ የማይገባቸው መድኃኒቶች ስላሉ አስቀድሞ ፋርማሲውን ይጠይቅ።

ስለ ጉርሻና ስለ ሌሎች ልማዶች

በአገራችን በሽተኛን መጠየቅና ማጉረስ የፍቅር ምልክት ነው፤ ልማዱም የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ጉርሻ በተፈጥሮው ትልቅ ነው፤ በሌላ ሰው እጅ ይገባል፤ እንቢ ማለትም ነውር ይመስላል። በሽተኛው የጠያቂውን ልብ ላለማስቀየም ሲል ጉሮሮው ያልቻለውን ይቀበላል። ስለዚህ የቤቱ ባለቤት ጠያቂዎችን ገና ከበር ተቀብሎ፣ «ሐኪም በእጅ ማጉረስን ከልክሎናል፤ እግዜር ይስጥልን» ብሎ በትሕትና ማስታወቅ አለበት። ጠያቂም ይህን ሲሰማ አይቀየም።

ሳል እንዲያለሰልስ ተብሎ የቀለጠ ቅቤ ማዋጥም በየቦታው ይታያል። ቅባት በጉሮሮ ሲያልፍ ሳልን አያስነሣም፤ ስለዚህ ሳይታወቅ ወደ ሳንባ ወርዶ ለረዥም ጊዜ የሚቆይ በሽታ ያመጣል። ለደከመ በሽተኛም ሆነ ለአራስ ሕፃን ቅቤ ማዋጥ መቅረት አለበት።

ለብርድ ይበጃል ተብሎ የሚሰጠው አረቄም የጉሮሮን ስሜት ያደነዝዛል፤ በረኛውንም ያስተኛዋል። ጠበል መጠጣት የሚፈልግ በሽተኛ ደግሞ ተቀምጦ በማንኪያ ጥቂት ጥቂት ይቅመስ። ሐኪሙ ቀጭን ፈሳሽን ፈጽሞ የከለከለው እንደ ሆነ ግን ካህኑን አማክሮ በመረጨት ቢወሰን መልካም ነው።

ስለ አፍ ንጽሕና

ሰው ነቅቶም ተኝቶም ምራቁን ይውጣል። መዋጥ የተቸገረ ሰው ምግብ ባይበላም እንኳ ምራቁ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። አፉ የቆሸሸ እንደ ሆነ ከምራቁ ጋር ብዙ ተሐዋስያን ይወርዳሉ፤ አፉ የጸዳ እንደ ሆነ ግን የሳንባ ምች የመያዙ ዕድል ይቀንሳል። ስለዚህ በቀን ቢያንስ ሁለት ጊዜ ጥርሱን በብሩሽ ወይም በንጹሕ የወይራ መፋቂያ ያጽዳ፤ ምላሱንም ይጥረግ። ራሱን መርዳት ለማይችል በሽተኛ አስታማሚው እጁን በሳሙና ታጥቦ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በረጠበና በተጨመቀ ንጹሕ ጨርቅ ድዱንና ጉንጩን ይጥረግለት። ጨርቁ ውሃ የሚያንጠባጥብ መሆን የለበትም። ከምግብም በኋላ በጉንጩ ውስጥ የቀረ ነገር መኖሩ ይታይ። ሰው ሠራሽ ጥርስ ያለው ሌሊት አውልቆ አጽድቶ ያስቀምጠው።

በአፍንጫ ስለሚገባው የምግብ ቱቦ

አንዳንድ ጊዜ ሐኪሙ በአፍ መብላትን ለጊዜው ከልክሎ በአፍንጫ በኩል እስከ ጨጓራ የሚደርስ ቀጭን ቱቦ ያስገባል። ብዙ ቤተ ዘመድ ይህን ሲያይ በሽተኛው ያለቀለት መስሎት ያለቅሳል፤ አንዳንዱም «ይህን ከምታዩት በአፉ ቅመሱለት» እያለ በስውር ይመግበዋል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ቱቦው ጉሮሮ እስኪጠና ድረስ በሽተኛው በረኃብ እንዳይጎዳ የሚረዳ መሸጋገሪያ ድልድይ ነው። የብዙዎቹ በሽተኞች መዋጥ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ እየተሻለ ይሄዳል፤ ባለሙያ የሚያሳየውን የምላስና የጉሮሮ እንቅስቃሴ በየቀኑ መሥራትም ጡንቻዎችን ያበረታል። ድምፁ እንደ ጎረነነ ለቀረ ሰው የድምፅ አውታሩን የሚረዳ ሌላ ሕክምና ስላለ ተስፋ ቆርጦ በቤቱ መቀመጥ አይገባውም።

ትን ላለው ሰው ስለሚደረግ እርዳታ

ትን ያለው ሰው ማሳልና መናገር የሚችል እንደ ሆነ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ እንዲያስል ይተውት፤ ውሃ አይስጡት፤ ሳሉ ከውሃ ይሻለዋልና። ማሳል፣ መናገርና መተንፈስ ካቃተው ግን ጎንበስ አድርገው በሁለቱ ትከሻዎቹ መካከል በመዳፍ ሥር አምስት ጊዜ አጥብቀው ይምቱት። ካልወጣለት ከበስተኋላው ቆመው እጃቸውን ከእንብርቱ በላይ አያይዘው ወደ ውስጥና ወደ ላይ አምስት ጊዜ ይግፉት፤ ሁለቱንም እያፈራረቁ ይድገሙ፤ ሌላ ሰውም አምቡላንስ ይጥራ። ይህ ለአዋቂና ለተለቀ ልጅ ነው፤ ለሕፃን ሆድን መግፋት ክልክል ነው። ደረቱ ወይም ሆዱ በቅርቡ ኦፕራሲዮን የተደረገለት ሰው ቤተ ዘመድ፣ ከሆስፒታል ከመውጣቱ በፊት እንዲህ ያለ አደጋ ቢደርስ ምን ማድረግ እንደሚገባቸው ሐኪሙን ጠይቀው ይረዱ።

ማሳሰቢያ

እንግዲህ ከዚህ ትምህርት አንባቢ ይዞ እንዲሄድ የምንፈልገው ዋና ነገር ይህ ነው፤ ኦፕራሲዮን የተደረገለት ሰው ቁስሉ ዳነ ማለት ጉሮሮው ዳነ ማለት አይደለም። ከሆስፒታል የሚወጣ በሽተኛና አስታማሚው፣ «ምን ይብላ? እንዴት ይጠጣ? መቼስ ይመለስ?» ብለው ሳይጠይቁ አይውጡ። መልሱንም ማንበብ የሚችል ልጅ በወረቀት ጽፎ በቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጥፈው፤ ጠያቂም ሁሉ ያንብበው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም በየቤቱ ሲዞሩ ኦፕራሲዮን የተደረገለትን ወይም ስትሮክ የመታውን ሰው አንድ ማንኪያ ሲውጥ ቆመው እንዲመለከቱት አደራ እንላለን። ምልክቱን በጊዜው ያየ አስታማሚ፣ ታላላቅ ሐኪሞች ብዙ የደከሙበትን ሕይወት ጠብቆ ያቆያል።